ምስክሩ ብልቃጥ

በቅሎዋ የድንጋዩን ቁልቁለት ስትያያዘው ጋሪው ይንገጫገጭ ጀመር። አንድ እጄ የጋሪውን ጠርዝ ጨብጧል፤ ሌላው ደረቴ ላይ ነው። ከሸሚዜ ስር፣ በጥጥ የተጠቀለለ ብልቃጥ ይዣለሁ። አፉ በጥጥ ተወትፏል፤ አንገቱ ላይ ቀይ ክር ታስሯል።

«አንቺ ልጅ፣ እንቁላል ነው እንዴ የታቀፍሽው?» አለኝ ባለጋሪው ዞር ሳይል።

«ብልቃጥ ነው አባባ።»

«ከእንቁላልም የባሰ ነዋ! እንቁላልስ ቢሰበር ይጠበሳል።»

አልሳቅሁም። ልጓሙን ሳብ አድርጎ በቅሎዋን ወደ ጥጉ አስያዛት።

«ጉድጓዱን ስንት ሰዓት ነው የሚከፍቱት አሉሽ?»

«ስድስት ሰዓት።»

ቀና ብሎ ፀሐይዋን አየ። ከምናውቃቸው ሰዎች መካከል ሰዓት የነበራቸው ዶክተሩ ብቻ ነበሩ፤ እኛ በፀሐይ ነበር የምንተዳደረው።

«እንደርሳለን» አለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «ካልደረስን ጥፋቱ የበቅሎዋ ነው፣ እኔ የለሁበትም» አለ።

የማን ጥፋት እንደሆነ እኔ አውቅ ነበር።

ያን ጊዜ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። የምሠራበትን ቤት የከተማው ሰው «የብልቃጥ ቤት» ይለው ነበር። ድሮ የፈረስ ጋጣ የነበረ፣ ግድግዳው ኖራ የተቀባ፣ ሦስት ክፍል ያለው ረጅም ቤት ነው። በመጀመሪያው ክፍል ዶክተሩና ረዳታቸው ከናሱ ማይክሮስኮፕ ፊት ይቀመጣሉ። በሁለተኛው የመዳብ የሙቀት ሣጥን አለ፤ ከስሩ የላምባ መብራት ሳይጠፋ ይበራል። የሣጥኑ ሙቀት ከሰው ገላ ሙቀት እንዳይበልጥም እንዳያንስም የመብራቱን ክር ከፍ ዝቅ እያደረግን እንጠብቀዋለን። ሦስተኛው ክፍል የእኔ ነበር። የድንጋይ ገንዳ፣ የውሃ በርሜል፣ አሲድ የተሞላ የሸክላ ጋን፣ ሁለት መቶ ብልቃጥ።

ሥራዬ ማጠብ ነው። ብልቃጦቹ ተሠርቶባቸው ሲመለሱ በእንፋሎት እቀቅላቸዋለሁ፤ አሲድ ውስጥ አሳድራቸዋለሁ፤ ከዚያ ስምንት ጊዜ በንጹሕ ውሃ አለቀልቃቸዋለሁ። ሥራ በጀመርኩ ዕለት ዶክተሩ እጅጌያቸውን ሰብስበው ገንዳው አጠገብ ቆመው ስምንቱንም ከእኔ ጋር ቆጥረዋል። «ሰባት ላይ እጅሽ ይዝላል» አሉኝ። «ስምንተኛውን ለእኔ ብለሽ ጨምሪልኝ።»

ያ ቤት ሽታው አይረሳኝም። የሥጋ መረቅ ሲፈላ፣ ላምባ ሲጨስ፣ የአልኮሉ መብራት ሲጠፋ። ዶክተሩ የብልቃጡን ጥጥ ሲነቅሉ ትንሽ ድምፅ ትወጣ ነበር፤ አንዳንድ ቀን ዛሬም ትሰማኛለች። በቅርቡ የልጄ ልጅ የምትሠራበትን ላቦራቶሪ ወስዳ አሳየችኝ። ሁሉም ነገር ነጭና ጸጥ ያለ ነው፤ ምንም አይሸትም። ዕቃው ፕላስቲክ ነው፤ አንዴ ተሠርቶበት ይጣላል።

«አጣቢዋስ የት ናት?» አልኳት።

«አያቴ፣ የሚታጠብ ነገር እኮ የለም።»

እጆቼን ኪሴ ውስጥ ከትቼ ሌላውን ክፍል እንድታሳየኝ ጠየቅኋት።

በዚያ ዓመት ዝናቡ እንዳባራ ኮሌራ ገባ። የታችኛው ሰፈር ሰው በሙሉ የሚቀዳው ከአንድ ትልቅ ጉድጓድ ነበር፤ ዶክተሩ ውሃውን መርምረው የበሽታውን ተህዋስ አገኙበት። ከንቲባው በጉድጓዱ የብረት ክዳን ላይ ሰንሰለት አስገቡበት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ውሃ ከላይኛው ወንዝ በበርሜል በጋሪ ይመጣ ነበር። ለአንድ ቤት በቀን አንድ እንስራ፣ ለብልቃጥ ቤት ሁለት በርሜል።

በየቀኑ ከጉድጓዱ ውሃ ተቀድቶ መረቅ ባለባቸው አሥር ብልቃጦች ውስጥ ይጨመራል፤ ብልቃጦቹ የሙቀት ሣጥኑ ውስጥ ያድራሉ። ተህዋሱ ካለ መረቁ ደፍርሶ ይገኛል። ከሌለ ጥርት እንዳለ ያድራል። ከአሥሩ ጎን ሁልጊዜ አንድ ሌላ ብልቃጥ አለ፤ ቀይ ክር የታሰረበት። በእሱ ውስጥ የሚገባው የጉድጓዱ ውሃ ሳይሆን ዶክተሩ በእጃቸው እየመገቡ የሚያኖሩት፣ በሕይወት መኖሩ የተረጋገጠ ተህዋስ ነው። ስለዚህ ይህኛው የግድ መደፍረስ አለበት። እሱ ካልደፈረሰ መረቁ ወይም ብልቃጡ ተህዋሱን ገድሎታል ማለት ነው፤ የሌሎቹም ጥራት አይታመንም። ዶክተሩ «ምስክሩ» ይሉታል። «መጀመሪያ ምስክሩን ጠይቁ» የማይሉበት ቀን አልነበረም።

ግን ለሃያ ቀን አሥሩም ብልቃጦች ደፍርሰው ነበር የሚወጡት። ጉድጓዱ መመረዙን አሥር ብልቃጥ እየተናገረ አሥራ አንደኛውን ማን ይጠይቃል? ረዳቱ እያየው ማለፍ ጀመረ፤ ከዚያ ማየቱንም ተወው። ሰነፍ ሰው አልነበረም። ደረጃ ሲወጣ ደረጃውን፣ ሲበላ ጉርሻውን የሚቆጥር ሰው ስለነበር ከኋላው «አቶ ቁጥር» ነበር የምንለው። ግን እሱም ደክሞት ነበር። ዶክተሩ ደግሞ ወገባቸው ይዟቸው ከግቢው ማዶ ባለችው ክፍላቸው ከተኙ አራት ቀን ሆኗቸዋል።

የእኔ ነገር ከዚህ ሁሉ ይብሳል።

ታላቅ እህቴ የምትኖረው በታችኛው ሰፈር ነው። ባሏ ለባቡር ሐዲድ ሥራ ርቆ ሄዷል፤ እሷ ከሰባት ወር ልጇ ጋር ብቻዋን ናት። ከሚደርሳት አንድ እንስራ ውሃ ላይ አፍልታ ታጠጣዋለች፣ ታጥበዋለች፣ ጨርቁን ትዘፈዝፋለች፤ ቀን ሳይጋመስ ያልቅባታል። እኔ ከሥራ ስወጣ ከበርሜላችን አንድ ቆርቆሮ ውሃ ቀድቼ በነጠላዬ ሸፍኜ እወስድላት ጀመር። «ከየት ነው?» ብላኝ አታውቅም። እኔም ነግሬያት አላውቅም። ቆርቆሮውን ተቀብላኝ ወደ ጓዳ ትገባለች፤ ባዶውን ታመጣልኛለች።

ከዚያ የብልቃጥ ቤት ድርሻ አንድ በርሜል ሆነ፤ ቀጥሎ ግማሽ። ግማሹ የመጣ ቀን ገንዳው አጠገብ ብዙ ቆምኩ። ስምንቴ ካለቀለቅሁ ቆርቆሮው ባዶውን ይሄዳል። ከአሲዱ የወጡትን ብልቃጦች አንድ በአንድ ወደ መስኮቱ አንስቼ አየኋቸው። እንደ ኮከብ ያበራሉ። ሁለቴ አለቀለቅኋቸውና እንዲደርቁ ደፋኋቸው።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ረዳቱ ከሁለተኛው ክፍል ሲጮህ ሰማሁ።

«ጠራ! አሥሩም ጠራ!»

የብልቃጦቹን ትሪ ይዞ እየሮጠ ወደ እኔ መጣ። ዓይኑ እንባ ሞልቷል፤ እየሳቀም ነው። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብዬ እስከ አሥር ቆጠርኩ። ደግሜ ቆጠርኩ። ጥርት! አንቺ፣ ሰው ውሃ ሊጠጣ ነው እኮ!»

የከንቲባው መልእክተኛ በር ላይ ይጠብቅ ነበር፤ በየጠዋቱ ይመጣል። ረዳቱ ዶክተሩን ከእንቅልፋቸው አልቀሰቅስም አለ፤ ኮቱን ለበሰ፣ ጸጉሩን በእኔ ገንዳ ውሃ አርሶ አበጠረና ከመልእክተኛው ጋር ሄደ። ጥቂት ቆይቶ መንገድ ላይ የአዋጅ ነጋሪው ድምፅ ተሰማ። ጉድጓዱ በስድስት ሰዓት ይከፈታል።

የብልቃጦቹ ትሪ ገንዳዬ ጠርዝ ላይ ቀርቷል። ለመቀቀል አንድ በአንድ አነሳኋቸው። አሥራ አንደኛውን ሳነሳ ቀይ ክሩ ጣቴን ነካኝ። ወደ ብርሃን ከፍ አደረግሁት። በመረቁ ውስጥ አሻግሬ የመስኮቱን ፍርግርግ አየሁት፤ አራቱም ዘንግ ይቆጠራል።

መሳቢያው ውስጥ አሲድ ሲነካት የምትቀላ ሰማያዊ ወረቀት ነበረች። መረቅ ሲሠራ ሲጠቀሙባት አይቻለሁ። ቆርጬ ነከርኳት። ቀላች።

የእንፋሎቱ ድስት ክዳኑ ተከፍቶ እየፈላ ነበር። ብልቃጡን ብጥለው ያልቃል፤ ማንም አያውቅም። ጉድጓዱ በእርግጥ ጸድቶ ሊሆንም ይችላል ብዬ ለራሴ ነገርኩት፤ ማን ያውቃል? ከዚያ እህቴ እንስራዋን ይዛ ከተሰለፉት መካከል ስትቆም ታየችኝ፤ ልጁ ጀርባዋ ላይ። ክዳኑን ገጠምኩና ግቢውን አቋርጬ ሮጥኩ።

«ማነው?» አሉ ዶክተሩ ከአልጋቸው።

«እኔ ነኝ ዶክተር። አጣቢዋ።»

«ቤቱ ተቃጠለ እንዴ?»

«አልተቃጠለም።»

«እንግዲያው ቀስ ብለሽ ንገሪኝ። ይህ ወገብ ድንገተኛ ወሬ አይችልም።»

ብልቃጡንና ወረቀቷን ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን በእጃቸው ፈልገው አደረጉ፤ ብልቃጡን ወደ መስኮቱ አነሱት። ፊታቸው ላይ የነበረው ቀልድ ጠፋ።

«ሌሎቹስ?»

«ሁሉም ጠርተዋል። ረዳቱ ለከንቲባው ነግሯል። ጉድጓዱ በስድስት ሰዓት ይከፈታል።»

«ስንት ጊዜ ነው ያለቀለቅሽው?»

«ሁለቴ።»

«ውሃው አንሶሽ ነው።» እንደ ጥያቄ አላሉትም። መውጫ በር ከፍተው የሰጡኝ ነው የመሰለኝ፤ አዎ ብል ግማሹ እውነት ነበር።

«አንሶኝም ነው» አልኩ። «የቀረውን ደግሞ እህቴ ቤት ወስጄዋለሁ። በየቀኑ እወስድላት ነበር።»

ብልቃጡን መልሰው ሰጡኝ።

«ልጅ አላት?»

«ሰባት ወሩ ነው።»

ሊነሱ ሞከሩ። ወገባቸውን እንደተሰበረ እንጨት ያለ ነገር ወጋቸውና ጥርሳቸውን ነክሰው ተመልሰው ተኙ። እርሳስና ወረቀት አቀበልኳቸው፤ «ውጤቱ አይታመንም፣ ጉድጓዱ ይቆለፍ» ብለው ጻፉና ፈረሙ።

«ወረቀቱን ለከንቲባው እሰጣለሁ» አልኩ።

«ስጫቸው። ግን ሃያ ቀን የተጠማ ሰው ወረቀት እስኪነበብ አይጠብቅም። ጮክ ብለሽ መናገር አለብሽ።»

«እኔ ዶክተር? ሰው ፊት?»

«እኔማ ብሄድ ደስ ይለኝ ነበር።» ዓይናቸውን ጨፈኑ። በሩ ላይ ስደርስ ጠሩኝ። «ነገ ጠዋት እንዳትቀሪ። ትሪ ሙሉ ብልቃጥ ይጠብቅሻል።»

ባለጋሪው ባዶ በርሜሎቹን ሊጭን በራችን ላይ ቆሞ ነበር። በርሜሎቹን መሬት ላይ ትቶ እኔን ጫነ።

አደባባዩ ስንደርስ ጋሪው መግባት አልቻለም። የታችኛው ሰፈር ሰው በሙሉ ወጥቷል። እንስራ፣ ባልዲ፣ ድስት፣ የሕፃን መታጠቢያ ሳይቀር ይዞ የመጣ አለ። ወርጄ በሰው መሐል ሾልኬ ገባሁ።

«ወይ ጉድ! ይህቺ ደግሞ ከሰማይ ወረደች? ወረፋ ያዢ!»

«ዕቃ እንኳ አልያዘችም እኮ።»

«በእፍኟ ልትቀዳ ይሆናላ!»

ሰንሰለቱ መሬት ላይ ወድቋል። ክዳኑ ተከፍቷል። ከንቲባው ጥቁር ካባቸውን ደርበው ቁልፉን በእጃቸው ይዘው ቆመዋል። ሦስት አራት እንስራ ተሞልቷል፤ ከተሞሉት አንዱ የእህቴ ነው። ከፊት መጥታ ነበር። ልጁ ጀርባዋ ላይ ተኝቷል። ግን ገና ማንም አልጠጣም፤ ሰው ፈርቶ ነበር። ረዳቱ ይህን ስላወቀ መጀመሪያ እኔ ልጠጣ ብሏል። ንጹሕ ብርጭቆ ሞልቶ ሰው ሁሉ እንዲያየው ከፍ አደረገው። ብርሃኑ አለፈበት። ረዳቱ ብርጭቆውን ወደ አፉ አመጣ።

በሕይወቴ ከሦስት ሰው በላይ ባለበት ተናግሬ አላውቅም ነበር። ቤት ውስጥ እንኳ ድምፄ ስለማይሰማ እህቴ «ሚጢ፣ ጆሮዬ ውስጥ ካልገባሽ አልሰማሽም» ትለኝ ነበር።

«አይጠጡት!»

ድምፁ ከእኔ መውጣቱን ያወቅሁት ሰው ሁሉ ሲዞር ነው።

«ይህች ማን ናት?» አሉ ከንቲባው።

«የብልቃጥ ቤት አጣቢ ናት ክቡር ከንቲባ» አለ አንዱ። ሌላው ቀበል አድርጎ «ዛሬ ደግሞ አጣቢዋ ሐኪም ሆነች!» አለ፤ ተሳቀ።

ወረቀቱን ለከንቲባው ሰጠኋቸው። ብልቃጡን ከሸሚዜ ስር አውጥቼ ለረዳቱ ዘረጋሁለት። ክሩን አየ። ብርጭቆውን ማን እንደሆነ ሳያይ አጠገቡ ለቆመው ሰው አቀበለና ብልቃጡን ወደ ፀሐይ አነሳው። ሲገረጣ አየሁት።

«ምስክሩ» አለ፤ ለራሱ ነው ያለው። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ስንት ጊዜ ነው ያለቀለቅሽው?» አለኝ።

ቀስ ብዬ እንድመልስለት ነበር፤ ሊሸፍነኝ ፈልጎ።

«ምን እያሉ ነው? ለእኛም ይንገሩን!» የሚል ጩኸት ከኋላ መጣ።

ወደ ሰዉ ዞርኩ።

«ብልቃጦቹ በአሲድ ነው የሚታጠቡት» አልኩ። «ስምንቴ በውሃ ካልተለቀለቁ አሲዱ ይቀርና ተህዋሱን እዚያው ብልቃጡ ውስጥ ይገድለዋል። ስለዚህ ውሃው ንጹሕ ይመስላል። እኔ ሁለቴ ነው ያለቀለቅኋቸው። ጉድጓዱ ይጽዳ አይጽዳ አልታወቀም። እባካችሁ አትጠጡት።»

«ለምን ሁለቴ?» አለች አንዲት አሮጊት። ባዶ ባልዲዋን በሁለት እጇ ይዛዋለች።

«ውሃውን ወስጄው ነው።»

«ወዴት ወሰድሽው?»

እህቴ ወዳለችበት እንዳላይ መሬት መሬቱን አየሁ። ሰዉ መንጫጫት ጀመረ። አንዱ «ሌባ!» አለኝ፤ ከጎኔ የቆመች ሴት እግሬ አጠገብ ተፋች። እውነቷን ነው፤ ከእሷም ልጆች ድርሻ ነው የወሰድኩት።

«እኔ ቤት ነው የመጣው።»

እህቴ ናት። ከሰልፉ ወጥታ የሞላውን እንስራ በሁለት እጇ አቅፋ ቆማለች። ፊቷ ቀልቷል።

«ለልጄ ነው ያመጣችልኝ። ከየት እንደሆነ ገብቶኝ ነበር፤ ግን አልጠየቅኋትም።» እንስራውን ዘቀዘቀችው። ውሃው በድንጋዩ ላይ ፈስሶ ወደ እግሬ መጣ። የመጨረሻዋ ጠብታ እስክትወርድ ድረስ እንደዘቀዘቀችው ቆየች። «ይህን ሰው ፊት የተናገረችው እህቴ ናት። ድምጿን እኔ እንኳ በደንብ ሰምቼው የማላውቃት። አልጠጣም።»

ከዚያ አንድ ወጣት የሞላ ባልዲውን ደፋ። ሌሎቹም አንድ በአንድ ደፉ፤ አንዳንዱ እየተሳደበ ነበር።

«ክቡር ከንቲባ» አለ ረዳቱ። «ማጠቡ የእሷ ነው፤ ይህን ብልቃጥ መጀመሪያ ማየት ግን የእኔ ሥራ ነበር። አላየሁትም። እሷ ባትመጣ መጀመሪያ የምጠጣው እኔ ነበርኩ።»

ከንቲባው ወረቀቱን አጣጥፈው ካባቸው ውስጥ ከተቱት። የሚቆጡ መስሎኝ ነበር። ክዳኑን በገዛ እጃቸው ጎትተው ገጠሙት፤ ሰንሰለቱን አነሱት። ከዚያ በከተማው ያለ ጋሪ በሙሉ፣ የራሳቸውም ሠረገላ ሳይቀር፣ አሁኑኑ ወደ ላይኛው ወንዝ ይውጣ ብለው አዘዙ። ጉድጓዱ በደንብ በተለቀለቁ ብልቃጦች ተመርምሮ የተከፈተው ከአሥራ ሰባት ቀን በኋላ ነው። የዚያ ዕለት ማግስት ጠዋት ግን አሥራ አንዱም ደፍርሰው ነበር የወጡት፤ ረዳቱ መጀመሪያ ያነሳው ቀይ ክር የታሰረበትን እንደነበር አይቻለሁ።

ሰዉ ሲበተን ብቻዬን ቆምኩ። የሚያናግረኝ አልነበረም። ባለጋሪው በቅሎዋን አዙሮ «ነይ ውጪ፣ በርሜሎቹን ከበራችሁ እንጫን» አለኝ። ወጥቼ ጥግ ላይ ተቀመጥኩ። ጋሪው ሊነሳ ሲል እህቴ ባዶ እንስራዋን ወደ ላይ አቀበለችኝና ራሷም ወጣች።

«ጠጋ በይልኝ ሚጢ» አለች። «ልጁን ደግሞ ያዢልኝ፤ ጀርባዬ ዝሏል።»

ልጁን ታቅፌ ላይኛው ወንዝ እስክንደርስ ስለ ውሃው አንድ ቃል አላነሳችም። በዚያ ዳገት ሙሉ ያወራችኝ ስለ ልጁ ድድ ነበር። ከታች በኩል፣ በስተቀኝ፣ ያን ዕለት ጠዋት አንዲት ጥርስ ብቅ ብላለች፤ ጣቴን አስገብቼ እንድዳስሳት አደረገችኝ።